የትንሣኤው ታሪካዊ ማስረጃ በአዲስ አበባ ዳርቻ ውይይቶች

በአዲስ አበባ ዳርቻ በተስፋፉት የጋራ መኖሪያ ሰፈሮች፣ በጀሞ፣ በቱሉ ዲምቱ፣ በየካ አባዶ፣ ኦርቶዶክሱ፣ ፕሮቴስታንቱና ሙስሊሙ በአንድ ሕንፃ ይኖራሉ። ከፋሲካ በኋላ ባሉት 50 ቀናት በቤተ ክርስቲያን «ክርስቶስ ተንሥአ እሙታን» ሲባል «በዐቢይ ኃይል ወሥልጣን» ተብሎ ይመለሳል፤ ማስረጃ የሚጠይቅ የለም። ጥያቄው የሚነሣው በሰንበት ትምህርት ቤት፣ በመጽሐፍ ቅዱስ ጥናት ቡድንና በተለይም በጎረቤታሞች መካከል ነው። ቁርኣን (4፥157) ኢየሱስ አልተገደለም፣ አልተሰቀለም ስለሚል ክርክሩ ብዙ ጊዜ ትንሣኤው ጋ ሳይደርስ ስቅለቱ ላይ ይቆማል።

በስቅለቱ የታሪክ ሰዎች እምብዛም አይለያዩም። ሮማዊው ታኪተስ በ116 እ.ኤ.አ. ገደማ፣ ክርስቶስ በጢባርዮስ ዘመን በጲላጦስ ፍርድ መገደሉን ጽፏል፤ ክርስቲያኖችን የሚንቅ ሰው ነበርና ለእነርሱ አደላ አይባልም። ስለ ትንሣኤው ግን ምስክር አይደለም። አይሁዳዊው ፍላቪየስ ዮሴፈስ በ93 ገደማ በጻፈው መጽሐፍ ትንሣኤውን የሚያወሳ ክፍል ቢገኝም፣ አብዛኞቹ ሊቃውንት ክርስቲያን ገልባጮች እጃቸውን አስገብተውበታል ይላሉ። በእኛ አገር ደግሞ ሌላ መደናገር አለ፦ በግእዝ የሚነበበው ዜና አይሁድ የዮሴፈስ ሥራ ሳይሆን በመካከለኛው ዘመን የተዘጋጀ ሌላ መጽሐፍ ነው።

ክብደት ያለው ማስረጃ 1ኛ ቆሮንቶስ 15፥3–8 ነው። ጳውሎስ መልእክቱን የጻፈው በ54 እ.ኤ.አ. ገደማ ቢሆንም የሚጠቅሰው «የተቀበልሁትን» ብሎ ነው፦ ክርስቶስ ሞተ፣ ተቀበረ፣ ተነሣ፣ ለኬፋ (ለጴጥሮስ) ታየ፣ ለአሥራ ሁለቱ ታየ። በገላትያ 1፥18–19 እንደሚናገረው ጳውሎስ ካመነ ከሦስት ዓመት በኋላ ኢየሩሳሌም ወጥቶ ከኬፋ ጋር 15 ቀን ተቀምጧል፤ የጌታን ወንድም ያዕቆብንም አይቷል። ትንሣኤውን የማይቀበለው ጀርመናዊው የአዲስ ኪዳን ሊቅ ጌርድ ሉደማን ሳይቀር ይህ ቃል ከስቅለቱ በኋላ በጥቂት ዓመታት ውስጥ መደርደሩን ያምናል። ስለዚህ «ታሪኩ ሲወርድ ሲዋረድ አደገ» የሚለው ቀላል መልስ እዚህ ላይ አይሠራም። ደቀ መዛሙርቱ አየነው ማለታቸው እጅግ ቀደምት ነው። ያዩት ምንድን ነው የሚለው ሌላ ጥያቄ ነው፤ በብዙ ውይይቶች ሁለቱ ሳይለዩ ያልፋሉ።

ባዶው መቃብር ይበልጥ አከራካሪ ነው። ጳውሎስ በቀጥታ አይጠቅሰውም። ወንጌላቱ የመጀመሪያዎቹ ምስክሮች ሴቶች ነበሩ ማለታቸው ለተራኪው የማይመች ነበር፤ የሴት ምስክርነት ተቀባይነት እንደሌለው ዮሴፈስ ራሱ ጽፏልና። በሌላ በኩል ሲናና ቫቲካን የሚባሉት ጥንታዊ የግሪክ ቅጂዎች የማርቆስን ወንጌል 16፥8 ላይ፣ ሴቶቹ ፈርተው ሲሸሹ ያበቁታል። በአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ እስከ ቁጥር 20 ያነበበ ሰው ይህን ሲሰማ መደንገጡ አይቀርም። ሮማውያን የተሰቀለን ሰው ለቀብር አይሰጡም ለሚሉት ደግሞ በ1968 እ.ኤ.አ. በኢየሩሳሌም የተገኘው፣ ሚስማር የተሰካበት የተረከዝ አጥንት መልስ ይሆናል፤ ቢያንስ አንድ የተሰቀለ ሰው በሥርዓት ተቀብሯል።

ሥጋው ተሰረቀ የሚለው ክስ በማቴዎስ 28 ውስጥ ራሱ ተመዝግቧል። በመስቀል ላይ ሳይሞት ራሱን ስቶ ቆይቶ ነቃ የሚለውን ሐሳብ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ያፈረሰው፣ ተአምር የማያምነው ጀርመናዊው የሃይማኖት ሊቅ ዳቪድ ሽትራውስ ነው። ዛሬ ተቀናቃኝ ሆኖ የቀረው የራእይ ወይም የቅዠት ማብራሪያ ነው። ኢየሱስ የተገነዘበት ነው የሚባለውን የቱሪን ከፈን እንደ ማስረጃ የሚያመጡ ወጣቶችም አሉ፤ በ1988 እ.ኤ.አ. የተደረገው የካርቦን ምርመራ ከ1260 እስከ 1390 ባለው ጊዜ ስላስቀመጠው ባይነሣ ይሻላል።

የአንድምታ ትርጓሜን የተማረ ሰው በአንዱ ወንጌል አንድ፣ በሌላው ሁለት መላእክት መጠቀሳቸው አያስጨንቀውም፤ አማራጭ ንባቦችን ጎን ለጎን ማኖር ልማዱ ነው። የስኮትላንዱ ፈላስፋ ዴቪድ ሁም በ1748 እ.ኤ.አ. ያቀረበው ሙግት ግን ለሁሉም ከባድ ነው፦ ተአምር የሰውን የዘወትር ልምድ ስለሚቃረን የትኛውም ምስክርነት ለማሳመን አይበቃም። በእንጦጦ ማርያም ጸበል ተፈወስን የሚሉ ሰዎችን ለሚያውቅ ይህ መነሻ ባዶ ሊመስለው ይችላል። ሆኖም ያን ምስክርነት በቀላሉ የሚቀበል፣ የሌላውን ሃይማኖት የተአምር ምስክርነት በምን መስፈርት እንደሚጥል መናገር ይኖርበታል።