«ኤሎሄ አሰኘኝ» ስንል የምንጠራው ማንን ነው?

አያቴ ከበርጩማዋ ስትነሳ አንድ እጇን ጉልበቷ ላይ ትጭናለች፤ ሌላውን ወደ ግድግዳው ትዘረጋለች። ከዚያ ወገቧ ገና ሳይቃና፣ ቆማም ተቀምጣም ሳትሆን፣ «ኤሎሄ!» ትላለች። ልጅ ሳለሁ ይህ ቃል የጉልበቷ ድምፅ ይመስለኝ ነበር። አንድ ቀን «እማማ፣ ኤሎሄ ማን ነው?» ብዬ ጠየቅኋት። «ጌታ ሲጨንቀው የጠራው ነው» አለችኝ። «አንተም ሲጨንቅህ ትጠራዋለህ። አሁን ያንን ጀበና አቀብለኝ።»

ከዚያ ወዲህ ብዙ ትርጓሜ አንብቤአለሁ፤ ከእርሷ ያጠረና የተሻለ ግን አላገኘሁም።

በአማርኛ «ኤሎሄ አለ» ማለት መከራው ከአቅሙ በላይ ሆኖበት ጮኸ፣ አማረረ፣ ፈጣሪውን ተማጸነ ማለት ነው። «የቤት ኪራዩ ኤሎሄ አሰኘን» እንላለን። «ጥርሴ ሌሊቱን ሙሉ ኤሎሄ ሲያሰኘኝ አደረ» እንላለን። ገበሬው ዝናብ ሲቀርበት፣ እናት ልጇ አልገራ ሲላት ኤሎሄ ይላሉ። ጋዜጦችም ነዋሪዎች ውኃ ካጡ ሳምንታት መቆጠራቸውን ሲዘግቡ «ነዋሪዎቹ ኤሎሄ እያሉ ነው» ብለው ይጽፋሉ። ከሁሉም በላይ የሚዘወተረው «አሰኘ» የሚለው መልክ መሆኑን ልብ በሉ። ማንም ሰው ኤሎሄ ለማለት አስቦና ቆርጦ አይነሳም፤ አንድ ነገር ይመጣና ያሰኘዋል።

አማርኛ የጩኸት ቃል አያንሰውም። «እዬዬ» አለ፣ ግን እዬዬ ልቅሶ ነው፤ «እዬዬም ሲደላ ነው» የሚለው ተረት እንደሚነግረን ቁጭ ብሎ ለማልቀስም ፋታ ያስፈልጋል። «ኡኡ» ጎረቤት እንዲደርስ ነው። «የዳኛ ያለህ!» የተበደለ ሰው ጩኸት ነው፤ ሰሚ ሰው አለ ብሎ ያምናል። «አቤት» ደግሞ ከንጉሥ ደጅ ተነስቶ መሥሪያ ቤት ገባና «አቤቱታ» ተብሎ መዝገብ ተከፈተለት። «እግዚኦ» ለኤሎሄ በጣም ይቀርባል፤ እርሱም የጸሎት ቃል ነው፣ «ጌታ ሆይ» ማለት ነው። ሆኖም እግዚኦ ድንጋጤም ይገባዋል፦ አስደንጋጭ ወሬ የሰማ ሰው አፉን በእጁ ይዞ «እግዚኦ!» ይላል። በዚያ ቦታ ኤሎሄ የሚል አማርኛ አዋቂ አላጋጠመኝም። ኤሎሄ የደረሰበት ሰው ቃል ነው፤ የሰማ ሰው ቃል አይደለም። ዳኛም ጎረቤትም ያልፈቱት ነገር ሲሆን ወደ ላይ የሚተኮስ የመጨረሻ ጥሪ ነው።

ምንጩን ብዙ አንባቢ ያውቀዋል። በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 27፣ በማርቆስም ምዕራፍ 15 ላይ፣ ክርስቶስ በመስቀል ሳለ በዘጠኝ ሰዓት በታላቅ ድምፅ «ኤሎሄ ኤሎሄ ላማ ሰበቅታኒ?» ብሎ ጮኸ። ትርጉሙም እዚያው ተጽፏል፦ አምላኬ አምላኬ፣ ስለ ምን ተውኸኝ? (ዘጠኝ ሰዓት የሚለውን ለማስላት ኢትዮጵያዊ አንባቢ አይቸገርም። ሌላው ዓለም ስድስት ሰዓት ጨምሮ ወይም ቀንሶ የሚረዳውን እኛ የእጅ ሰዓታችንን አይተን እንረዳዋለን።) ቤተ ክርስቲያን በመስቀል ላይ የተነገሩትን ሰባት ቃላት «ሰባቱ አጽርሐ መስቀል» ትላቸዋለች፤ አጽርሐ ማለት ጩኸቶች ማለት ነው። ኤሎሄ ከእነርሱ አንዱ ነው። ሊቃውንቱ ታዲያ አምላክ እንዴት «አምላኬ» ይላል ለሚለው ጥያቄ መልስ አላቸው፦ ስለ አዳም ተገብቶ፣ በእኛ ቦታ ቆሞ የተናገረው ነው ይላሉ። አያቴ ይህን ትርጓሜ ሰምታ ይሆናል፤ «አንተም ትጠራዋለህ» ያለችኝ የእኛ ጩኸት መሆኑን ስለምታውቅ ይመስለኛል።

ጩኸቱ ራሱ ጥቅስ ነው። መዝሙር 22 (በግዕዙና በግሪኩ አቆጣጠር 21) የሚጀምረው በዚሁ ቃል ነው። በዕብራይስጡ «ኤሊ ኤሊ ላማ አዛብታኒ» ይላል። በግዕዙ ዳዊት «አምላኪየ አምላኪየ ነጽረኒ» ይላል፤ «ነጽረኒ»፣ ማለትም «ተመልከተኝ»፣ ከግሪኩ ትርጉም የመጣ ጭማሪ ነው፤ በዕብራይስጡ የለም። በመስቀል ላይ የተነገረው «ሰበቅታኒ» ግን ዕብራይስጥም አይደለም። አራማይስጥ ነው፤ በዚያ ዘመን የገሊላ ሰው በቤቱ የሚናገረው ቋንቋ። የዕብራይስጡ «አዛብ» እና የአራማይስጡ «ሸበቅ» ሁለቱም መተውን ይናገራሉ። ሰው ሲጨንቀው በአፍ መፍቻው ይጮኻል።

እዚህ ላይ ስለ ፊደል አንድ ነገር ልናገር፤ እኔን በጣም ስለሚደንቀኝ ነው። ወንጌሉ ወደ እኛ የደረሰው በግሪክኛ ተጽፎ ነው። ግሪክኛ ደግሞ የእኛን «ሀ» በቃል መካከል የሚጽፍበት ፊደል የለውም፤ «ቀ»ንም በወጉ አይጽፋትም። ስለዚህ በማርቆስ ወንጌል «ኤሎኢ» ብሎ ጻፈ፤ ሰበቅታኒንም በ«ኽ» ቀየረው። በእኛ መጽሐፍ ግን «ኤሎሄ» ከነ«ሄ»ው፣ «ሰበቅታኒ» ከነ«ቅ»ው ተቀምጠዋል። ከቤታቸው ወጥተው በባዕድ አገር ሁለት ፊደል የጠፋባቸው ቃላት ወደ ዘመድ ቋንቋ ሲገቡ ፊደላቸው ተመለሰላቸው።

የማቴዎስ ግሪክኛ ቅጂዎች አብዛኞቹ «ኤሊ ኤሊ» ይላሉ። በዚያ የቆሙት ሰዎች «ኤልያስን ይጠራል» ያሉትም ለዚህ ይሆናል፤ ኤሊ እና ኤልያ በሩቅ ለሚሰማ ሰው አንድ ናቸው። አንዱ ሮጦ ሆምጣጤ በሰፍነግ ሞልቶ አቀረበለት፤ ኤልያስ መጥቶ ያወርደው እንደ ሆነ ለማየት ተጠባበቁ። ተሳስተው ነበር፣ ግን ስሕተታቸው ራሱ ቃሉን ተሸክሞታል፤ ኤልያስ የሚለው ስም «አምላኬ ያህ ነው» ማለት ነውና በውስጡ ያው «ኤል» አለ።

ኤል እንግዲህ ሥሩ ነው። ከሴማውያን ቋንቋዎች ጥንታዊ ቃላት አንዱ ነው፤ በባቢሎንና በአሦር ሰዎች አንደበት «ኢሉ» ነበር። በሶርያ ጠረፍ ራስ ሻምራ በሚባለው ኮረብታ እ.ኤ.አ. ከ1929 ጀምሮ በተካሄደ ቁፋሮ የጥንቷ ኡጋሪት ከተማ ስትገኝ፣ ከሸክላ ጽላቶቿ ላይ ኤል የአማልክት ሁሉ አባት፣ «ኮርማው ኤል» ተብሎ ሲጠራ ተነበበ። ብዙዎች የቃሉን ትርጉም ከኃይል ጋር ያያይዙታል። በዘፍጥረት 31 ላባ ያዕቆብን አሳዶ ሲደርስበት «ክፉ ላደርግብህ በእጄ ኃይል ነበረኝ» ሲል፣ በዕብራይስጡ «ኃይል» በሚለው ቦታ የተቀመጠው ቃል «ኤል» ነው። ገብርኤል፣ ሚካኤል፣ ዳንኤል፣ ሳሙኤል፣ አማኑኤል፣ እስራኤል፣ ሁሉም ጭራቸው ኤል ነው። አንዳንዱን ስም የእኛ አባቶች በራሳቸው ቋንቋ ፈትተውታል፤ ገብርኤልን «እግዚእ ወገብር» ይሉታል፣ በግዕዝ ገብር አገልጋይ ነውና። በዕብራይስጥ ያው ሥር ብርታትን ነው የሚናገረው። ሁለቱም ፍቺ በየቤቱ ያምራል።

ከኤል ጎን «ኤሎሃ» አለ፣ የእርሱም ብዙ ቁጥር «ኤሎሂም» ነው። ኤሎሂም በዕብራይስጥ መጽሐፍ ቅዱስ ከ2,500 ጊዜ በላይ ተጽፏል፤ የመጀመሪያው የኦሪት ዓረፍተ ነገር ላይም አለ። አስገራሚው ነገር ስሙ ብዙ ቁጥር ሆኖ ግሡ ነጠላ መሆኑ ነው፦ «ኤሎሂም ፈጠረ» ይላል፣ «ፈጠሩ» አይልም። ለአማርኛ ተናጋሪ ይህ እንግዳ ሊሆን አይገባም። እኛም «አባቴ መጡ» እንላለን፤ አባት አንድ፣ ግሡ ብዙ። ዕብራይስጡ ክብሩን በስሙ ላይ አደረገ፣ አማርኛ በግሡ ላይ። ግዕዝማ ከዚህም ይቀርባል። «አምላክ» የሚለውን ቃል ተመልከቱት፤ ቅርጹ እንደ አልባስ፣ እንደ አዕዋፍ የብዙ ቁጥር ቅርጽ ነው። ብዙ ሆኖ ተወልዶ ለአንዱ ተሰጠ፤ ለሐሰተኞቹ ሲያስፈልግ ደግሞ ሁለተኛ ብዙ ቁጥር ተበጀና «አማልክት» ተባለ። ክርስቲያን ተርጓሚዎች የኤሎሂምን ብዙነት ለሥላሴ ምልክት ያደርጉታል፤ የሰዋስው ሰዎች የአክብሮት ብዙ ቁጥር ነው ይላሉ። ያው ኤሎሂም ግን ለአሕዛብ ጣዖታትም ይነገራል፤ ስለዚህ ቃሉን ብቻ ይዞ ክርክር መርታት አይቻልም።

ነጠላው ኤሎሃ ብርቅ ነው። በመላው መጽሐፍ ከ60 ጊዜ በታች ነው የሚገኘው፤ ከዚያም ውስጥ 40 ያህሉ በአንድ መጽሐፍ ብቻ፣ በመጽሐፈ ኢዮብ ነው። ኢዮብ በአመድ ላይ ተቀምጦ፣ ሰባት ቀን ዝም ብሎ ቆይቶ አፉን ሲከፍትና የተወለደበትን ቀን ሲረግም የሚጠራው በዚህ ስም ነው። አማርኛ ይህን ቆጥሮ ቃሉን ለመከራ ሰጠው ማለቴ አይደለም፤ ግን ስሙ ገና በአገሩ ሳለም ከተጨነቀ ሰው አፍ አይርቅም ነበር።

«ኤሎሄ» በእኛ መጽሐፍ ቅዱስ ከመስቀሉ በፊትም አለ። ያዕቆብ በሴኬም አጠገብ መሠዊያ አቁሞ «ኤልኤሎሄ እስራኤል» ብሎ ጠራው፤ የእስራኤል አምላክ ኤል ማለት ነው። በዚህ ቦታ ኤሎሄ «የ… አምላክ» ማለት ሆነ፣ ልክ ግዕዙ «አምላከ» እንደሚለው። በጥንቱ የዕብራይስጥ አጻጻፍ አናባቢ የለም፤ «የእስራኤል አምላክ» በሚለው ውስጥ ያለው ቃልና «አምላኬ» የሚለው በተመሳሳይ አራት ፊደላት ይጻፋሉ፦ አሌፍ፣ ላሜድ፣ ሄ፣ ዮድ። የሕዝብ አምላክ ይሁን የእኔ አምላክ የሚለየው አንባቢው በድምፁ ነው። በአማርኛ ጆሮ ደግሞ መጨረሻዋ «ኤ» እንደ ልጄ፣ እንደ ቤቴ፣ እንደ አምላኬ ትሰማለች። ዕብራይስጥ ሳንማር የ«የእኔ» ትርጉም የሚሰማን ለዚህ ይመስለኛል።

የቃሉ የቅርብ ዘመድ አገራችን ውስጥ በሌላም መንገድ ገብቷል። ሙስሊሙ ወገናችን «ያ ኢላሂ!» ሲል ያንኑ ሥር፣ ያንኑ «አምላኬ» ነው በዐረብኛ የሚለው።

አይሁድ ዘንድ ነገሩ በተቃራኒው ሄደ። በሌሎች አራት ፊደላት፣ በዮድ፣ ሄ፣ ዋው፣ ሄ የተጻፈውን የአምላክ ስም እንደ ተጻፈ አያነቡትም፤ በጸሎት «አዶናይ»፣ በወሬ «ሃሼም» (ስሙ) ይሉታል። ጥንቁቆቹ ኤሎሂምንም ከጸሎት ውጭ «ኤሎኪም» ብለው ያዛቡታል፣ ቅዱሱ ቃል በከንቱ እንዳይወጣ። ከኢትዮጵያ ወደ እስራኤል የሄዱት ቤተ እስራኤል አረጋውያን «እግዚአብሔር ይመስገን» ሲሉ ልጆቻቸው «ባሩክ ሃሼም» ይላሉ። እነዚያ ቃሉን ከአፍ ሲሰውሩት፣ እኛ ደግሞ ከ«አለ» ጋር አጋብተን ወገብ ሲቆረጥም የምንለው አደረግነው። ይህን እንደ ድፍረት የሚያዩ አሉ። እኔ አላየውም፤ ኤሎሄ የሚል ሰው ስሙን በከንቱ አላነሳም፣ በጣም አስፈልጎት ነው።

በሌላ በኩል ስንት ኤልሻዳይ የምትባል ልጅ፣ ስንት አዶናይ የሚል ማስታወቂያ የሰቀለ ሱቅ እናውቃለን። ከአንድ ቋንቋ፣ ከአንድ መጽሐፍ የመጡ ስሞች ናቸው። ልጁን «ኤሎሄ» ብሎ የሰየመ፣ ዳቦ ቤቱን «ኤሎሄ ዳቦ ቤት» ያለ ግን እስካሁን አላጋጠመኝም። ደንበኛው ዋጋውን ቀድሞ የሰማ ይመስለዋል።

የኳስ ዘጋቢዎች «አጥቂው ተከላካዮቹን ኤሎሄ አሰኛቸው» ሲሉ ቃሉ ትንሽ እንደቀለለ ይሰማኛል፣ ግን አይከፋኝም፤ ተከላካዮቹን አይቻቸዋለሁ። የሚከፋኝ ለአድናቆት ሲያውሉት ነው። «ኤሎሄ፣ እንዴት ያምራል!» የሚል ጽሑፍ አንብቤ ጸሐፊው ምን እንዳመመው ለማወቅ እስከ መጨረሻው ፈልጌአለሁ።

በስቅለት ዕለት በቤተ ክርስቲያን የእግዚአብሔር ስም በብዙ ቋንቋ ይጠራል። «እብኖዲ ናይን» ቅብጥ ነው፣ «ታኦስ ናይን» የግሪክ ቃል አለበት፣ «አማኑኤል ናይን» ከዕብራይስጥ የመጣ ነው፤ ሁሉም አምላክ ሆይ ማረን ነው፣ በየመካከሉም ኪርያላይሶን ይባላል። ሕዝቡ ከጠዋት ጀምሮ ሲሰግድ ውሎ፣ የዘጠኝ ሰዓቱ ንባብ ተነብቦ፣ ማታ ጉልበቱን እያሻሸ ይወጣል። አምና በደጀ ሰላሙ ደረጃ ላይ ከፊቴ ይወርዱ የነበሩ አንድ አባት በሦስተኛው ደረጃ ላይ ቆሙ። መቋሚያቸውን ተደገፉ፣ ሌላ እጃቸውን ወገባቸው ላይ ጫኑ። «ኤሎሄ!» አሉ፤ ከዚያ አራተኛውን ደረጃ ወረዱ።