ሶላር ተከላና ፍተሻ በጣና ዳር

ባሕር ዳር የውኃ ኃይል ጎረቤት ናት። ጢስ ዓባይ ቅርቧ ነው፤ 460 ሜጋ ዋት እንዲያመነጭ የተሠራው ጣና በለስም ውኃውን የሚወስደው ከጣና ሐይቅ ነው። ያም ሆኖ መስመር ባልደረሰበት መንደር፣ ከተማው ውስጥም መብራት ሲሄድ፣ ሶላር ይፈለጋል። በናፍጣ ሞተር ሽንኩርት የሚያጠጣ ገበሬም የሶላር ፓምፕ መጠየቁ አይቀርም።

ሥራው ጣሪያ ላይ ሳይሆን በሒሳብ ይጀምራል። ባለ 12 ቮልት፣ 100 አምፒር ሰዓት ባትሪ በወረቀት 1,200 ዋት ሰዓት ይይዛል። የእርሳስ ባትሪ ግን በየቀኑ ከግማሽ በታች ከወረደ ቶሎ ይሞታል። ስለዚህ 600 ብሎ መቁጠር ነው። «ምጣድስ ይሰካል?» ለሚለው ጥያቄ መልሱ አይሆንም ነው። ምጣድ ብቻውን ከ3,000 ዋት በላይ ይጎትታል።

ፓኔሉ ወደ ደቡብ ይዞራል፤ ከ10 እስከ 15 ዲግሪ ያዘነብላል። ባሕር ዳር ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን 11.6 ዲግሪ ገደማ ላይ ስለሆነች ነው። እዚህ ላይ አንድ የሚገርም ነገር አለ። ከሚያዝያ አጋማሽ እስከ ፍልሰታ ፍቺ ድረስ የቀን 6 ሰዓት ፀሐይ በሰሜን በኩል ናት! ሆኖም ተዳፋቱ ትንሽ ስለሆነ ብዙ አይጎዳም። ክረምቱን የሚያከብደው ደመናው ነው። ጠፍጣፋ አድርጎ ማሰር ግን ስህተት ነው፤ አቧራውና የወፍ ኩሱ በዝናብ አይታጠብም።

ጥሩ ባለሙያ የሚለየው ቮልትና አምፒር በሚለካበት መሣሪያ፣ በመልቲሜትሩ ነው። ፓኔሉን ገና መሬት ላይ እያለ ይለካዋል። 36 ሴል (ብርሃኑን ወደ ኤሌክትሪክ የሚለውጠው ቁራጭ) ያለው «የ12 ቮልት» ፓኔል ምንም ሳይገናኝ 21 ወይም 22 ቮልት ማሳየት አለበት። ቮልቱ ብቻ ግን ያታልላል፤ በደመናም ቢሆን ብዙ አይወርድም። እውነቱን የሚናገረው አምፒሩ ነው። በጠራ ፀሐይ ተለክቶ ከጀርባው ከተጻፈው በጣም ካነሰ፣ ጥላ ወይም የተሰነጠቀ ሴል ይፈለጋል። ሲሞቅ ቮልቱ ትንሽ መውረዱ ግን ብልሽት አይደለም።

ብዙ ሥራ የሚበላሸው በቀጭን ሽቦ ነው። ባትሪው 10 ሜትር ርቆ፣ 10 አምፒር በ2.5 ካሬ (ካሬ ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው) የመዳብ ሽቦ ቢያልፍ 1.4 ቮልት ገደማ መንገድ ላይ ይቀራል። በ6 ካሬ ግን 0.6 አካባቢ ነው። ከ12 ቮልት ላይ ይህ ቀላል ልዩነት አይደለም።

ሲገጠም የባትሪውን አሞላል የሚቆጣጠረው ኮንትሮለር መጀመሪያ ከባትሪው፣ ቀጥሎ ከፓኔሉ ይገናኛል። ሲፈታ በተቃራኒው ነው። ፊውዙ ከባትሪው ፖዘቲቭ አጠገብ ይሁን። ለቤት መብራት የተሠራ ተራ ብሬከር እዚህ አይሆንም፤ የዲሲ (የፓኔልና የባትሪ ኤሌክትሪክ) ብልጭታ እንደ ኤሲው (የቤት መስመሩ) በራሱ አይጠፋም። መብረቅ በሚበዛበት በዚህ አካባቢ ኤርዝ (ወደ መሬት የሚወርደውን መከላከያ ሽቦ) መዝለል ደግሞ በቤተሰብ መቀለድ ነው።

ወደ ጣና ደሴቶች ዕቃው በጀልባ ይሄዳል። የረሱትን ካቻቢቴ ለማምጣት መመለስ ቀኑን ይበላል፤ ስለዚህ ሁሉም ነገር ባሕር ዳር ላይ ተገናኝቶ ይሞከራል። የመጨረሻው ልኬት ግን እዚያው፣ ማታ ነው። መብራቱ ሁሉ በርቶ የባትሪው ቮልት ይታያል፤ ከአንድ ሰዓት በኋላም እንደገና።