ሦስተኛ ልደት የለም

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፣ አሜን።

የተወደዳችሁ ወንድሞችና እህቶች፣ የጅማን ክረምት የቀመሳችሁ ታውቁታላችሁ፤ ከሰዓት በኋላ የያዘ ዝናብ እስኪመሽ አይለቅም። ስምንት የምንሆን የሰንበት ትምህርት ቤት አባላት ከመዝሙር ጥናት በኋላ እስኪያባራ ብለን አዳራሹ ውስጥ ተጠጋግተን ተቀመጥን። ነርስ የሆነች እህታችን ያነበበችውን አንድ የፈረንጅ ልቦለድ ትተርክልን ጀመር። ላንድ ቀን የታሰበው ጨዋታ ሦስት ሳምንት ፈጀ። በሁለተኛው ሳምንት እኔ አላስችል ብሎኝ መጽሐፉን ተውሼ ወደ ቤት ወሰድኩት። የቅዳሜ ሌሊት ነበር፤ እስከ ስምንት ሰዓት ተቀምጬ አነበብኩ። ወደዚያች ሌሊት እመለሳለሁ።

ታሪኩ ባጭሩ እንዲህ ነው። አንድ ሳይንቲስት የጌታችን ደም አለበት ከሚባል ጨርቅ ላይ ቅንጣት ወስዶ በክሎኒንግ (ሥጋን በመቅዳት) ሕፃን ሊያስወልድ ይነሣል። አንዱ የምስጢር ማኅበር ገንዘብ ይሰጠዋል፣ ሌላው ሊገድለው ያሳድደዋል። መኪና ይገለበጣል፣ መነኩሴ ይታረዳል፣ ማሕፀኗን ያከራየች እናት ከአገር አገር ትሸሻለች። ይይዛል፤ አልዋሽም።

አስተያየታችን ለየቅል ሆነ። የግቢ ጉባኤ ተማሪ የሆነው ወንድማችን ፈራ፤ «ሐሳዊ መሲሕ በዚህ መንገድ ይመጣ ይሆን?» እያለ እንቅልፍ አጣሁ አለን። ዲያቆናችን መጽሐፉ ይቃጠል ባይ ነው (ስለ ብዙ መጽሐፍ እንዲህ ይላል)። አንዱ ደግሞ «ልቦለድ እኮ ነው፣ ምን አስጨነቃችሁ» ብሎ የተጠበሰ በቆሎውን መፈልፈሉን ቀጠለ። ከሁሉም ግን ልቤ ውስጥ የቀረው የአንዲት ዝምተኛ እህታችን ቃል ነው። «ሕፃኑ የተወለደበት ምዕራፍ ላይ አለቀስኩ፤ ምነው እውነት በሆነ ብዬ ተመኘሁ» አለች። ማንም መልስ አልሰጣትም።

የኔታ የገቡት በዚህ መሐል ነው። ጃንጥላቸውን በር ላይ አራግፈው፣ ባለ ሦስት እግሯን የጅማ በርጩማ ስበው ተቀመጡና «ምን ያከራክራችኋል፣ ልጆቼ?» አሉ። ነገርናቸው። መቁጠሪያቸውን እያንከባለሉ እስከ መጨረሻው ሰሙንና፦

«ሦስተኛ ልደት በሉኛ! እኔ እኮ ቦሩ ሜዳ ላይ ያለቀ መስሎኝ ነበር።»

ከመካከላችን ሦስታችን ሳቅን፣ አምስቱ ምን እንደሚያስቅ አልገባቸውም። ይህን ጽሑፍ እንድጽፍ ያደረገኝም የአምስቱ ፊት ነው።

አባቶቻችን ለወልድ ሁለት ልደት አለው ብለው አስተምረውናል። ቀዳማዊ ልደቱ ከዘመናት በፊት ከአብ ያለ እናት፣ ደኃራዊ ልደቱ በዘመን ፍጻሜ ከእመቤታችን ያለ አባት። በአገራችን ግን በመንፈስ ቅዱስ ሦስተኛ ልደት አለው የሚሉ ተነሥተው ብዙ ዘመን ተከራክረዋል፤ ክርክሩ ሊቃውንትን ብቻ ሳይሆን መሳፍንትንም ከፋፍሎ ነበር። በ1870 ዓ.ም. ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ወሎ ቦሩ ሜዳ ላይ ጉባኤ አስደርገው ሁለት ልደት የሚለው ትምህርት ጸና። የልቦለዱ ደራሲ ስለ ቦሩ ሜዳ ሰምቶ እንደማያውቅ እገምታለሁ። ቢሆንም በማይክሮስኮፕ ሥር የፈለገው ያንኑ ነው፤ ከአብም ከድንግልም ያልሆነ፣ ከብልቃጥ የሚወጣ ሌላ ልደት።

አሁን ወደ ብልቃጡ እንግባ፤ ፍርሃታችን ግማሹ ካለማወቅ የመጣ ነውና።

ክሎን የሚለው ቃል ከግሪክ የመጣ ሲሆን ቀንበጥ እንደማለት ነው። ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም። እናቴ ጓሮ እንሰት ሲተከል ያየ ሰው አሚቾው (ከመሬት በታች ያለው ወፍራም ክፍሉ) እንዴት እንደሚደረግ ያውቃል፦ ግንዱ ተቆርጦ ይነሣል፣ የመሐሉ ቡቃያ ተፈንቅሎ ይወጣል፣ ጉድጓዱ በአፈርና በፍግ ይሞላና ይቀበራል። ከጥቂት ወር በኋላ ከዚያ ከአንዱ አሚቾ ዙሪያውን ብዙ ችግኝ ይፈነዳል፤ ሁሉም የዚያችው የአንዷ እንሰት ቅጂ ነው። እዚሁ መልኮ የሚገኘው የግብርና ምርምር ማዕከልም የተዳቀለ ቡና ሲያባዛ ቁራጭ ቅርንጫፍ ይጠቀማል፤ የድቅል ፍሬ ቢዘራ እንደ እናቱ አይወጣምና። እናቴን «ክሎኒንግ ትሠሪያለሽ» ብላት በኮባ ቅጠል ትመታኝ ነበር።

በእንስሳ ሲሆን ነገሩ ይከብዳል። እ.ኤ.አ. በ1996 ስኮትላንድ ውስጥ ዶሊ የተባለችው በግ ስትወለድ፣ ከአንዲት የስድስት ዓመት በግ ጡት የተወሰደ ሕዋስ የራሱ አስኳል (ዘረ መል የያዘው ማዕከሉ) ከወጣለት የእንቁላል ሕዋስ ጋር በኤሌክትሪክ ንዝረት እንዲዋሐድ ተደርጎ ነው። ይህ 277 ጊዜ ተደረገ። ለማሕፀን የደረሱት ፅንሶች 29 ነበሩ፤ ለ13 በጎች ተሰጥተው አንዲት ግልገል ብቻ ተወለደች። ነርሷ እህታችን ይህን ስትነግረን ድምፅዋ ተለወጠ። «እኔ ፅንስ የሚወርድባቸውን እናቶች አያለሁ» አለች። «አንድ ሕፃን ለማግኘት 28 የሰው ፅንስ ይጥፋ የሚል ሰው፣ የሚወለደውን ማንም ብሎ ይጥራው፣ ከሄሮድስ ወገን ነው።» ከሦስቱ ሳምንት ውይይታችን ከዚህ የሚበልጥ ነገር አልተነገረም ብል አልተሳሳትኩም። እስከ ዛሬ በዚህ መንገድ ሰው ስለመወለዱ በማስረጃ የተረጋገጠ ነገር የለም። እ.ኤ.አ. በ2002 መጨረሻ ሔዋን የተባለች ሕፃን አስወልደናል ያሉ ተነሥተው ነበር፤ ሕፃኗን ያሳየ ግን የለም። እ.ኤ.አ. በ2005 የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ ሰውን በክሎኒንግ ማባዛት እንዲከለከል የሚጠይቅ መግለጫ አውጥቷል።

ስለ ጨርቁ ብዙ አልልም። ደራሲዎች ብዙ ጊዜ ዐይናቸውን የሚጥሉበት ጌታችን ተገንዞበታል የሚባለው በጣሊያን ቱሪን ያለው ከፈን እ.ኤ.አ. በ1988 በሦስት ላቦራቶሪ ተመርምሮ ዕድሜው ከ1260 እስከ 1390 ባለው ጊዜ ውስጥ ነው ተብሏል፤ ዛሬም የሚከራከሩበት አሉ። የዶሊ ሕዋስ ግን ሕይወት ያለው ነበር። በደረቀ ደም ውስጥ ሕያው ሕዋስ የለም፤ ቀዩ የደም ሕዋስማ ዱሮም አስኳል የለውም። በሳይንሱ በኩል ልቦለዱ እዚህ ላይ ያበቃል።

የኔታን ያሳሰባቸው ግን ይህ አልነበረም። «ቢሳካስ?» አሉ። «ይሳካ እንበል። የሚወለደው ማን ነው?»

ዝም አልን። ቀጠሉ። «በደብራችን ያሉትን መንታዎች ታውቋቸዋላችሁ።» እናውቃቸዋለን፤ አንዱ ይቀድሳል፣ ሌላው ፈረንጅ አራዳ ሰፈር ባጃጅ ይነዳል፤ እናታቸው እንኳ ከኋላ ስታያቸው ትሳሳታለች። «ከአንድ ፅንስ የተከፈሉ ናቸው፤ ሐኪሞቹ እንደሚሉት ሥጋቸው አንድ ዓይነት ነው። የንስሐ አባታቸው እኔ ነኝ። አባትየው አንድ ሲሆን ንስሐው ሁለት ነው። የአንዱን ኃጢአት ለሌላው ቀኖና ሰጥቼበት አላውቅም።»

ልጆቼ ሲሉን እንዲህ ነው የሚያስተምሩት፤ ከላይ የሰቀልነውን ጥያቄ ጓሮ አውርደው ያስቀምጡታል። ሰው በመልክ ቅጂ፣ በደም ቅጂ ሊኖረው ይችላል። በአካል (በማንነቱ) ግን ቅጂ የለውም። እ.ኤ.አ. በ2001 አሜሪካ ውስጥ ሦስት ዓይነት ቀለም ካላት ድመት በክሎኒንግ የተወለደችው ድመት የፀጉሯ ቀለም እንኳ እንደ እናቲቱ አልወጣም። ድመት ያልደገመችውን ሰው ይደግመዋል? መዝሙረኛው «ያልተሠራ አካሌን ዓይኖችህ አዩኝ» ሲል (መዝ. 138) አንድን ሰው ስሙን ጠርቶ የሚያውቅ ፈጣሪን ነው የሚናገረው። ስለዚህ እንዲህ ያለ ሕፃን አንድ ቀን ቢወለድ ነፍስ የሌለው ጭራቅ አይሆንም። በደለኞቹ የሠሩት ናቸው። እርሱ ግን የእግዚአብሔር መልክ ያለው ሰው ነው፤ ወንድ ከሆነ በ40፣ ሴት ከሆነች በ80 ቀን ይጠመቃል። ከዚያ ግን አይበልጥም። አዳኝ አይሆንም፤ እርሱም እንደ እኛ አዳኝ የሚያስፈልገው ነው።

ዲያቆናችን ግን ዝም የሚል ሰው አይደለም። «የኔታ» አለ፣ «ካህኑ በቅዳሴ መለኮቱ ከትስብእቱ (ከሰውነቱ) የዐይን ጥቅሻ ያህል አልተለየም ሲሉ እንሰማ የለም? እንግዲያ ከደሙ ቅንጣት የሚበቅለው መለኮት የተዋሐደው አይሆንም ወይ?»

ጥሩ ጥያቄ ነው። እኔም ማታ ማታ ያስጨነቀኝ እርሱ ነበር። የኔታ መቁጠሪያቸውን አቆሙ። መልሳቸውን እንደተረዳሁት እጽፈዋለሁ፤ ጉድለቱ የእኔ ነው።

የክርስቶስ ሥጋ አስቀድሞ ለብቻው ቆሞ በኋላ አምላክ የመጣበት አይደለም። በድንግል ማሕፀን ከተፀነሰበት ቅጽበት ጀምሮ የቃል (የወልድ) ሥጋ ነው፤ ያዋሐደውም የቃል የራሱ ፈቃድ ነው። ከብልቃጥ የሚወጣው ግን የራሱ ነፍስ፣ የራሱ አካል ያለው ሌላ ሰው ነው። «ይህ ሰው ይወለድና መለኮት ይደርበት» ብትል አንድ ሰውና አንድ አምላክ አጎራበትክ፤ ያ የመናፍቁ የንስጥሮስ ነገር ነው፣ ቅዱስ ቄርሎስና አባቶች እ.ኤ.አ. በ431 በኤፌሶን ጉባኤ ላይ ያወገዙት። «የለም፣ ሥጋው ስለበቀለ ብቻ አምላክ ነው» ብትል ደግሞ ተዋሕዶን የእግዚአብሔር ፈቃድ ሳይሆን የአፈር ሥራ አደረግኸው፤ እንደ አሚቾ የሚፈነዳ። በሁለቱም በኩል ገደል ነው።

አንዷ እህታችን «እመቤታችን ያለ ወንድ ዘር መውለዷስ?» ብላ ነበር። ይህን ልቦለዱም ያነሣዋል፤ የማይረባ ማነጻጸር ነው። የሴት ቅጂ ሴት ናት፤ የእናቷ መንታ ትሆን ነበር። ድንግል የወለደችው ወንድ ልጅ ነው፣ ስሙም አማኑኤል።

ለፈራው ወንድማችን የኔታ ማቴዎስ 24ን አስነበቡት። «እነሆ፥ በእልፍኝ ነው ቢሉአችሁ፥ አትመኑ።» ላቦራቶሪ እልፍኝ ካልሆነ ምንድን ነው? መብረቅ ከምሥራቅ ወጥቶ እስከ ምዕራብ እንደሚታይ የሚመጣ ጌታ በብልቃጥ ተደብቆ አያድግም። በነገራችን ላይ በማግሥቱ ቡና ላይ ታሪኩን ለጎረቤታችን ለሐጂ ብነግራቸው «ዒሳ እኮ ከሰማይ ነው የሚወርደው፣ ምን ላቦራቶሪ አስገባው?» ብለው ሳቁ። እምነታችን ስለ እርሱ ማንነት ቢለያይም ሐጂ ከደራሲው ይልቅ ቀና አሉ።

ዝናቡ አባርቶ ልንነሣ ስንል የኔታ ወደዚያች ዝምተኛ እህታችን ዞረው «አንቺ ለምን አለቀስሽ?» አሏት። ሌሎቻችን ረስተናት ነበር።

«እንዳየው ፈልጌ ነው» አለች። «በቅርብ።»

የኔታ ግድግዳው ላይ ያለውን የስቅለት ሥዕል አመለከቷት። አይተነው አስተውለነው አናውቅም፤ መላእክት ከጎኑ የሚፈስሰውን ደም በጽዋ ይቀበላሉ። ቅዱስ ዑራኤል ያን ደም በጽዋ ተቀብሎ በዓለም ረጨው ብለው አባቶቻችን የሚተርኩት ነው። «ደሙን የሚፈልግ ሰው ጨርቅ አይቧጥጥም፣ ልጄ» አሏት። «ጽዋው የት እንዳለ ታውቂያለሽ።» ሌላ አልጨመሩም፤ ጃንጥላቸውን ይዘው ወጡ።

አሁን ወደ ቅዳሜዋ ሌሊት ልመለስ። መጽሐፉን ጨርሼ ስተኛ ዘጠኝ ሰዓት ሊሆን ነው። እሑድ ማለዳ ቅዳሴ የደረስኩት ወንጌል ከተነበበ በኋላ ነበር። በኋላ በኩል፣ ጭቃ የያዘ ጫማዬን ደጅ አውልቄ፣ ግድግዳ ተደግፌ ቆምኩ። ሌሎቹም ከፊት ከኋላ ቆመዋል፤ ስለዚያ ደም ስንት ቀን የተከራከርነው ስምንታችንም ነበርን። ካህኑ ሥጋውን፣ ዲያቆኑ ጽዋውን ይዘው ወጡ። ሕፃናት በእናቶቻቸው ጀርባ እያለቀሱ ቀረቡ። ሁለት አሮጊቶች ተደጋግፈው ቀረቡ። ከስምንታችን ማንም አልተንቀሳቀሰም። እኔ ወለሉን አየሁ።

ከዚያ በቀጣዩ እሑድ፣ የኔታ ካነጋገሯት በኋላ፣ ያቺ እህታችን ነጠላዋን አጣፍታ ከሴቶች ወገን ወጣች። ሳምንቱን ሙሉ ንስሐ አባቷ ዘንድ እንደተመላለሰች በኋላ ነው የሰማሁት። ስትመለስ አፏን በነጠላዋ ሸፍና፣ ማንንም ሳታይ፣ አጠገቤ አለፈች። ዲያቆኑ «እትዉ በሰላም» ሲል እኔ ገና ግድግዳውን እንደተደገፍኩ ነበርኩ።