ጤና ጣቢያና ባለሙያዎቹ

ጤና ጣቢያ በኢትዮጵያ የጤና አገልግሎት መዋቅር ውስጥ በጤና ኬላና በመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታል መካከል የሚገኝ ተቋም ሲሆን፣ በደረጃ ምደባው መሠረት በገጠር ከ15,000 እስከ 25,000፣ በከተማ ደግሞ እስከ 40,000 ለሚደርስ ሕዝብ እንዲያገለግል የታሰበ ነው። ታካሚው ነጭ ጋውን የለበሰውን ሁሉ «ዶክተር» ብሎ ይጥራ እንጂ፣ በገጠር ጤና ጣቢያዎች የሕክምና ዶክተር አብዛኛውን ጊዜ አይገኝም። በአዲስ አበባ ጠቅላላ ሐኪም የተመደበባቸው ጣቢያዎች ቢኖሩም፣ የዕለት ተዕለቱ ሥራ የተያዘው በሌሎች ባለሙያዎች እጅ ነው።

ከእነዚህ አንዱ ጤና መኮንን ነው። ሙያው በ1947 ዓ.ም. ጎንደር ላይ ከተከፈተው የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ጋር የተወለደ ነው፤ በአገሪቱ የነበሩት ሐኪሞች በጣም ጥቂት፣ አብዛኞቹም የውጭ ዜጎች በነበሩበት በዚያ ዘመን፣ ኮሌጁ ጤና መኮንኖችን፣ የኅብረተሰብ ነርሶችንና የአካባቢ ጤና ባለሙያ የሆኑትን ሳኒቴሪያኖች ጎን ለጎን አሠልጥኖ በቡድን ያሰማራ ነበር። ስያሜው የጦር ሠራዊት ማዕረግ ይመስላል፤ ሥራው ግን በተመላላሽ ክፍል መርምሮ መድኃኒት ማዘዝ፣ እባጭ መክፈት፣ ቁስል መስፋት፣ ከጣቢያው ዐቅም በላይ ለሆነውም ሪፈር መጻፍ ነው። ብዙ ጊዜ የጣቢያው ኃላፊ የሚሆነውም እሱ ስለሆነ፣ በጀቱ፣ ሪፖርቱና የወረዳው ስብሰባ ከታካሚው ጋር ይሻሙታል።

በቁጥር የሚበዙት ነርሶች ናቸው። ካርድ ወጥቶ ታካሚው ወደ ልየታ ሲገባ ሙቀቱን፣ ክብደቱንና የደም ግፊቱን የሚለካው፣ መርፌ የሚወጋው፣ ቁስል የሚያጥበው፣ ብዙ ጊዜም ራሱ መርምሮ የሚያክመው ነርስ ነው። የክትባት ክፍሏ ነርስ ሥራ ከሩቅ ሲታይ ቀላል ይመስላል። ይሁን እንጂ የኩፍኝ ክትባት አንድ ብልቃጥ ለብዙ ሕፃናት የሚበቃ ሲሆን፣ አንዴ ከተበጠበጠ በ6 ሰዓት ውስጥ ካላለቀ መጣል አለበት። ስለዚህ ነርሷ ለአንድ ሕፃን ብልቃጥ ከፍታ የቀረውን ከመድፋትና እናቲቱን ለሌላ ቀን ቀጥራ «ብትቀርስ» ብላ ከመጨነቅ አንዱን ትመርጣለች።

ሌሊትም ቢሆን በሩ የማይዘጋው ክፍል ማዋለጃው ነው። አዋላጇ፣ በዛሬው አጠራር ሚድዋይፏ፣ ምጥ የያዛትን እናት ስትቀበል ፓርቶግራፍ የሚባለውን ሰንጠረዥ ትከፍታለች፤ የፅንሱን የልብ ምት በየግማሽ ሰዓቱ፣ የማኅፀን በር አከፋፈትን ደግሞ በየ4 ሰዓቱ እየመዘገበች፣ መስመሩ ወደ አደጋው ወሰን ሲጠጋ አምቡላንስ ታስጠራለች። ቤታቸው የራቀ እናቶች ቀናቸው ሲቃረብ የሚያርፉበት የእናቶች ማቆያ ያላቸው ጣቢያዎች ብዙ ናቸው፤ በአንዳንዶቹም ለወለደችው ገንፎ ይገነፋል፣ ቡናም ይፈላል። የቤቱ ወግ ወደ ጣቢያው መግባቱ እናቶች በጤና ተቋም እንዲወልዱ ለማግባባት ከምክር ያላነሰ የረዳ ይመስላል።

የላቦራቶሪ ባለሙያውን ታካሚው የሚያየው በትንሽ መስኮት በኩል፣ ጣቱ እስኪወጋ ድረስ ብቻ ነው። ወባ በሚበዛበት አካባቢ ይህ ሰው የታካሚውን የደም ጠብታ በመስታወት ላይ አድርጎ፣ ጊምሳ በሚባል ማቅለሚያ ቀልሞ በማይክሮስኮፕ ያያል። የወባው ዓይነት ፋልሲፓረም ከሆነ ኮአርተም የሚባለው መድኃኒት፣ ቫይቫክስ ከሆነ ክሎሮኪን ስለሚታዘዝ፣ በውጤቱ ወረቀት ላይ የሚጽፋት አንዲት ቃል የሚሰጠውን መድኃኒት ትወስናለች። በፋርማሲው መስኮት ደግሞ ፋርማሲስቱ ወይም የፋርማሲ ቴክኒሻኑ መድኃኒቱን ያስረክባል፤ ኮአርተም ለ3 ቀናት ጠዋትና ማታ ከምግብ ጋር እንደሚወሰድ፣ ትኩሳቱ ቢበርድም እንደማይቋረጥ የሚያስረዳው እሱ ነው።

የጽዳት ሠራተኛዋ በባለሙያ መዝገብ አትቆጠርም። የመርፌ መጣያውን ሳጥን ወደ ማቃጠያው፣ እንግዴ ልጁንም ወደ ጉድጓዱ የምትወስደው ግን እሷ ነች፤ ካርድ ክፍሉም ካርዱን ካላገኘ ታካሚው ያለ ታሪክ ይመረመራል።

ከአጥር ውጭ ያለው ሥራ በ1990ዎቹ አጋማሽ ለተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ሠራተኞች የተሰጠ ነው። በገጠር ከየቀበሌው ተመርጠው የሚሠለጥኑት አብዛኞቹ ሴቶች ሲሆኑ፣ አንድ ጤና ጣቢያ በዙሪያው ያሉ፣ እነሱ የሚሠሩባቸውን አምስት ያህል ጤና ኬላዎች ይደግፋል። የሳንባ ነቀርሳ ሕክምና 6 ወር የሚፈጅ በመሆኑ፣ በሁለተኛው ወር ተሽሎኛል ብሎ የሚቀር ታካሚ አይጠፋም። ስሙ ከጣቢያው መዝገብ ወደ ጤና ኬላ ሲላክ፣ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ቤቱን ስለምታውቀው አድራሻ መጠየቅ አያስፈልጋትም።