መተግበሪያው የሚያሰምረው 1200 ካሎሪ እና ጾም፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

የምንበላውን የሚቆጥሩ የስልክ መተግበሪያዎች አንድ የጋራ ጠባይ አላቸው። ብዙዎቹ ለሴት ከ1200፣ ለወንድ ከ1500 ካሎሪ ያነሰ የዕለት ግብ አይቀበሉም፤ ቀኑን ከዚያ በታች ለዘጋ ሰውም ማስጠንቀቂያ ያሳያሉ። በሌላ በኩል ሙሉ ቀን ምግብ የማይቀምሱ ወይም በቀን 800 ካሎሪ ብቻ እየወሰዱ ክብደት የሚቀንሱ ሰዎች አሉ። (እዚህ ላይ ጾም የምለው ምግብን ጨርሶ መተውን ነው።) በሁለቱ መካከል የቆመ ሰው ግራ ይጋባል፤ ወይ ቁጥሩን ያመልካል፣ ወይ ቁጥሩን ይንቃል። ሁለቱም ያሳስቡኛል።

«ሰውነት ከ1200 በታች መኖር አይችልም»

1200 የሰውነት ወለል አይደለም። ማንም ሳያየው ብቻውን ለሚቆጥር ሰው የተሰመረ የጥንቃቄ መስመር ነው። መተግበሪያው የተጠቃሚውን ደም አልመረመረም፣ ልቡን አላዳመጠም፤ የሚያውቀው የተሞላለትን ዕድሜ፣ ቁመትና ክብደት ብቻ ነው። ከመስመሩ በታች ደግሞ ከተራ ምግብ በቂ ፕሮቲን፣ ብረትና ካልሲየም ማግኘት እየከበደ ይሄዳል። መጠንቀቁ ተገቢ ነው። ቁጥሩ ራሱ ግን የቆየ ነው፦ አሜሪካዊቷ ሐኪም ሉሉ ሃንት ፒተርስ እ.ኤ.አ. በ1918 ክብደት መቀነስ ለሚፈልጉ አንባቢዎቻቸው የመከሩት 1200 ካሎሪን ነበር። ያን ጊዜ ግብ ነበር፣ ዛሬ ወለል ሆኗል።

«ትንሽ ከተበላ ሰውነት ስብ ማቃጠሉን ያቆማል»

ይህን አባባል ያልሰማ ያለ አይመስለኝም። በእርግጥ ምግብ ለረጅም ጊዜ ሲያንስ ሰውነት ይቆጥባል፤ ማቃጠሉን ግን አያቆምም። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት መጨረሻ በሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ አንሰል ኪስ የመሩት ጥናት ይህን በግልጽ አሳይቷል። 36 ጤነኛ ወጣቶች ለ24 ሳምንታት በቀን 1570 ካሎሪ ገደማ እየበሉ በየሳምንቱ ረጅም መንገድ ይጓዙ ነበር። በዕረፍት ላይ የሚያቃጥሉት ጉልበት ወደ 40 በመቶ ገደማ ወረደ፤ ክብደታቸው ግን ከመነሻው በሩብ ያህል ቀነሰ። ደከማቸው፣ በረዳቸው፣ ሐሳባቸው ሁሉ ምግብ ብቻ ሆነ።

ከሁሉ የሚገርመኝ 1570 ለወንድ ከተሰመረው 1500 በላይ መሆኑ ነው። መተግበሪያ ቢኖራቸው ኖሮ አንድም ቀን ማስጠንቀቂያ ባላዩ ነበር። ቁጥሩ የሚናገረው ስንት እንደተበላ ነው፤ ለማን፣ ለምን ያህል ጊዜ፣ ከምን ዓይነት ሥራ ጋር እንደሆነ አይናገርም።

«ማስጠንቀቂያ የታየበት ቀን የከሸፈ ቀን ነው»

አንዲት ጓደኛዬ በሳምንት አንድ ቀን ከእራት እስከ እራት ትጾማለች። አንድ ማታ አጠገቧ ተቀምጬ እራቷን ስትመዘግብ አየሁ፦ 600 ካሎሪ። ስልኩ «በቂ ምግብ አልተመገቡም» የሚል ቀይ ጽሑፍ አወጣ። እሷም ሳታመነታ ያልበላችውን ሁለት ሳህን ሩዝ መዘገበች፤ ቀዩ ጽሑፍ ጠፋ። ከወር በኋላ መዝገቡና ሚዛኑ ለምን እንደማይጣጣሙ ስትጠይቀኝ ሩዙን አስታወስኳት።

ሰውነት እኩለ ሌሊት ላይ ሒሳብ ዘግቶ አዲስ ገጽ አይከፍትም። ጉበት ያከማቸው ስኳር ለአንድ ቀን ገደማ ያገለግላል፤ ከዚያ የስብ ድርሻ እየጨመረ ይሄዳል። ስድስት ቀን 1900፣ አንድ ቀን 600 የበላ ሰው የሳምንቱ አማካይ 1714 ገደማ ነው። በየዕለቱ ጥቂት መቀነስና አልፎ አልፎ መጾም ጎን ለጎን ሲነጻጸሩም የሚወርደው ክብደት ብዙም አይለያይም። ስለዚህ አልፎ አልፎ ለሚጾም ጤነኛ ሰው መታየት ያለበት የሳምንቱ አማካይ ነው፤ መዝገቡም እውነቱን ይያዝ።

አንድ ሰው ግን ይለያል፦ ማስጠንቀቂያውን ሲያይ ደስ የሚለው፣ በማግስቱ ደግሞ ቁጥሩን ይበልጥ ለማውረድ የሚጓጓ። ለእርሱ ቀዩ ጽሑፍ በቂ አይደለም፤ የሚያነጋግረው ሰው ያስፈልገዋል። በአመጋገብ መታወክ ያለፈ ሰውም ጾምንም ቆጠራንም ያለ ባለሙያ ባይነካ ይሻላል።

«ሐኪሞች 800 ካሎሪ የሚያዝዙ ከሆነ እኔም ቤቴ እችላለሁ»

እዚህ ላይ ነው የምፈራው። እ.ኤ.አ. በ2017 መጨረሻ ውጤቱ በታተመ የብሪታንያ ጥናት፣ ኢንሱሊን የማይወስዱ የዓይነት 2 ስኳር ሕሙማን ለ12 እስከ 20 ሳምንታት በቀን ከ825 እስከ 853 ካሎሪ ወሰዱ። ከዓመት በኋላ 46 በመቶው ያለ መድኃኒት ከስኳር በሽታ መጠን በታች ሆነው ተገኙ። ትልቅ ውጤት ነው። ነገር ግን የወሰዱት ፕሮቲኑ፣ ቫይታሚኑና ማዕድኑ ተመጥኖ የተዘጋጀ ምግብ ነበር፤ የስኳርና የደም ግፊት መድኃኒታቸው በመጀመሪያው ቀን ተቋርጧል፤ በየጊዜውም የሚያያቸው ባለሙያ ነበር። ያንኑ መድኃኒት እየዋጠ በቤቱ 800 የሚበላ ሰው ስኳሩ ወይም ግፊቱ ወርዶ ሊወድቅ ይችላል።

የተገላቢጦሹም ታይቷል። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ አሜሪካ ውስጥ ከእንስሳት ቆዳና ጅማት በሚወጣ ኮላጅን የተሠራ ፈሳሽ ፕሮቲን ለክብደት መቀነሻ ይሸጥ ነበር። ወደ 60 የሚጠጉ ተጠቃሚዎች ሞት ተመዘገበ፤ በቅርብ ከተመረመሩት መካከል የልብ ምታቸው ተዛብቶ የሞቱ ነበሩ። ካሎሪው በብሪታንያው ጥናት ከተሰጠው በጣም ያነሰ ነበር። የፕሮቲኑ ጥራትም ዝቅተኛ ነበር።

ነፍሰ ጡር፣ የምታጠባ እናት፣ ልጅ፣ ኢንሱሊን የሚወስድ ሰው በቀን 800 ካሎሪ መብላትን ጨርሶ በራሱ አይሞክር። ሪህ ወይም የሐሞት ጠጠር ያለበትም አስቀድሞ ሐኪሙን ያማክር፤ ፈጣን ቅነሳ ሁለቱንም ይቀሰቅሳል።

«በመጀመሪያው ሳምንት የወረደው ሁሉ ስብ ነው»

አብዛኛው ውኃ ነው። የተከማቸው ስኳር በእያንዳንዱ ግራም ሦስት ግራም ያህል ውኃ ይዞ ይቀመጣል፤ አብረው ይወጣሉ፣ ሲበላ አብረው ይመለሳሉ።

«አደጋው ጾሙ ላይ ነው፤ መብላት ሲጀመር ያልቃል»

ብዙ ሰው ስኮትላንዳዊውን አንገስ ባርቢየሪን ይጠቅሳል። እ.ኤ.አ. ከ1965 እስከ 1966 ለ382 ቀናት ሳይበላ ከ207 ወደ 82 ኪሎ ወርዷል። ቫይታሚንና ፖታሲየም እየተሰጠው፣ ደሙ በሆስፒታል እየተመረመረ እንደነበር ግን የሚጨምር ጥቂት ነው። በዚያው ዘመን በሐኪም ክትትል ሥር ሲጾሙ የሞቱ ሌሎች እንደነበሩም አይነገርም።

ከረጅም ጾም በኋላ ምግብ ሲገባ ኢንሱሊን (ስኳርን ወደ ሕዋሳት የሚያስገባው ሆርሞን) ይነሳል፤ በደም ውስጥ የቀረው ጥቂት ማዕድን፣ ማለትም ፎስፌት፣ ፖታሲየምና ማግኒዚየም፣ በፍጥነት ወደ ሕዋሳት ይገባል። ልብና የመተንፈሻ ጡንቻዎች ያን ጊዜ ይደክማሉ። ለዚህ ነው የብሪታንያ የሕክምና መመሪያ ከ5 ቀን በላይ እምብዛም ያልበላ ሰው ከሚያስፈልገው ምግብ ከግማሽ ባልበለጠ እንዲጀምር የሚያዝዘው። በቀን 2000 ለሚያስፈልገው ሰው ይህ ማለት 1000 ነው፤ ከመተግበሪያው መስመር በታች። ስምንት ቀን የጾመ ሰው በመጀመሪያው ማታ 1500 ሞልቶ ሲበላ ስልኩ ምንም ማስጠንቀቂያ አያሳየውም፤ ደሙ ውስጥ ያለው ፎስፌት ግን በዚያው ሰዓት እየወረደ ሊሆን ይችላል።