«ነጭ አዝሙድ ማለት ኩሚን ነው» እና ሌሎች የኩሽና ስህተቶች

አራት ኪሎ፣ እኛ ሕንፃ ላይ፣ ቡና በተፈላ ቁጥር ወሬው ዞሮ ዞሮ ምግብ ላይ ያርፋል። እኔ ወጥ መሥራትም ስለ ምግብ ማንበብም ስለምወድ ጥያቄው ወደ እኔ ይመጣል። ደጋግሜ የምሰማቸውን የተሳሳቱ አባባሎች እነሆ። አንዳንዶቹ ወጥ ቢያበላሹ ነው፤ ሁለቱ ግን ሰው ያሳምማሉ።

«ነጭ አዝሙድ ማለት ኩሚን ነው»

አይደለም። በቀደም ጎረቤቴ ከስልኳ ላይ እያየች የሕንድ ወጥ ሠራች። አሠራሩ ኩሚን ይላል፣ እሷ ነጭ አዝሙድ ጨመረች። ወጡ መረር አለ፤ ሽታውም ወደ ጦስኝ ሄደ። ኩሚን የሚባለው እኛ ከሙን የምንለው ነው። ነጭ አዝሙድ ሌላ ተክል ነው፣ ሕንዶቹ አጅዋይን ይሉታል። ጥቁር አዝሙድ ደግሞ ከሁለቱም የተለየ ነው። ኮረሪማና ሄልም እንደዚሁ ይምታታሉ። ዘመዳሞች ናቸው፣ ግን ለዶሮ ወጥ ሄል አድርጋችሁ የኮረሪማን ጣዕም አትጠብቁ።

«ምስሩ አልበስል ያለው ስላረጀ ነው»

ሊሆን ይችላል። ከፍታውን ግን አትርሱ። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነች እዚህ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ነው። እሳት ብትጨምሩ ውሃው ቶሎ ያልቃል እንጂ ከዚያ በላይ አይሞቅም። የውጭ አሠራር 20 ደቂቃ ካላችሁ 30 ያዙለት። ሽምብራና ባቄላ ማታ ይዘፍዘፉ፤ ፕሬዠር ኩከር ያላችሁ ደግሞ ተገላገላችሁ።

«እንጀራ ግሉተን የለውም»

ጤፍ ግሉተን (ስንዴና ገብስ ውስጥ ያለው ፕሮቲን) የለውም። ይህ እውነት ነው። እንጀራ ሁሉ ግን ጤፍ ብቻ አይደለም። ጤፍ ሲወደድ ብዙ ሰው ይቀላቅላል። ሩዝ፣ ማሽላ ወይም በቆሎ ከሆነ ለግሉተን አያሰጋም። ስንዴ ወይም ገብስ ከገባበት ግን ሲሊያክ (ግሉተን ሲበላ አንጀትን የሚጎዳ በሽታ) ላለበት ሰው ሕመም ነው። ከሱቅ የምንገዛውን እንጀራ ደግሞ በዓይን አይተን መለየት አንችልም። ቤት የሚጋገረውም ጥንቃቄ ይፈልጋል። ወፍጮ ቤቱ ከእናንተ በፊት ስንዴ ፈጭቶ ከሆነ ዱቄታችሁ ውስጥ ይገባል። እርሾውም ከተቀላቀለ ሊጥ የተረፈ ከሆነ ያው ነው። እንዲህ ያለ ሰው ቤታችሁ ካለ ጤፉን ራሳችሁ አስፈጩ፤ እርሾውንም ለብቻው ከንጹሕ ጤፍ ጀምሩለት።

«ቀይ ጤፍ ከበላሁ ደም ማነስ አይነካኝም»

ጤፍ ውስጥ ብረት አለ። ነገር ግን ሲለካ ከሚገኘው ብረት ከፊሉ አውድማ ላይ ከአፈር የሚመጣ ነው፤ ሰውነታችን ይህንን እምብዛም አይጠቀምበትም። እህሉ ውስጥ ያለውንም ፋይቴት የሚባል ነገር ይዞ ያስቀረዋል። እዚህ ላይ እናቶቻችንን አመሰግናለሁ፤ ሊጡ በደንብ ሲቦካ ፋይቴቱ ይቀንሳል። እንጀራው ላይ ጥሬ ቃሪያ ወይም ሎሚ ከተጨመረ በቫይታሚን ሲ ምክንያት ብረቱ ይበልጥ ይወሰዳል። የሚጎዳን ከምግብ ጋር ወይም ወዲያው የምንጠጣው ሻይና ቡና ነው። አንድ ሰዓት ያህል አቆዩት። ደም ማነስ አለባችሁ ከተባላችሁ ግን ጤፍ ብቻውን መድኃኒት አይሆንም።

«ኮሌስትሮል የለውም የሚል ዘይት ለልብ ጥሩ ነው»

የአትክልት ዘይት ሲባል ድሮም ኮሌስትሮል የለበትም ማለት ይቻላል። ስለዚህ ጽሑፉ አንዱን ከሌላው አይለይላችሁም። የሚለየው ስቡ ነው። በክረምት ጠዋት ጀሪካን ውስጥ የሚረጋው የፓልም ዘይት ግማሽ ያህሉ ልብን የሚጎዳው ዓይነት ስብ ነው። የኑግ ዘይት ይሻላል። ደግሞም የጾም ነው ብለን ሽሮው ላይ አናንቆርቁረው።

«ሚጥሚጣና አረቄ የጥሬ ሥጋን ትል ይገድላል»

ይህን ስሰማ ዝም ማለት አልችልም። አይገድልም። የኮሶ ትል እጭ ሥጋው ውስጥ ተሸፍኖ ነው የሚቀመጠው። ሚጥሚጣው ምላሳችንን ያቃጥላል እንጂ እጩ ጋ አይደርስም፤ አረቄውም እንዲሁ። ለብለብ ክትፎም ከላይ ሞቅ ስላለ ብቻ አስተማማኝ አይሆንም። የቄራ ምርመራ ይረዳል፣ ማኅተም የሌለው ሥጋ አትግዙ። ግን ጥቂት እጭ ብቻ ያለበት ሥጋ ከዓይን ሊያመልጥ ይችላል።

እጩን የሚገድለው ሙቀት ወይም ብርድ ነው። ሙዳው ውስጡ ድረስ 63 ዲግሪ፣ የተፈጨው 71 ዲግሪ ይድረስ። ጥሬ መብላቱ ካልቀረ ከዜሮ በታች 15 ዲግሪ በሚደርስ ፍሪዘር ቢያንስ 6 ቀን ይቆይ። ይህ ግን የሚሠራው ለትሉ ነው፤ ባክቴሪያ በፍሪዘር አይሞትም። ስለዚህ ነፍሰ ጡሮችና ሕፃናት በጭራሽ ጥሬ አይብሉ። ሰገራ ላይ ጠፍጣፋ ነጭ ቁርጥራጭ ካያችሁ አትፈሩ፣ አትደብቁ። ጤና ጣቢያ ሂዱ፤ በክኒን የሚድን ነገር ነው።