«ፎንት የለህም» እና ሌሎች የኮንሶል ወሬዎች

«ፎንት ስለሌለህ ነው»

ኮንሶል ላይ፣ ማለትም ትእዛዝ በጽሑፍ በሚሰጥበት ጥቁር መስኮት ላይ፣ ፕሮግራምህን «ሰላም» እንዲያወጣ አዘህ «???» ሲመጣ ሁሉም የሚልህ ይህንኑ ነው። ባዶ ሳጥን ከሆነ፣ አዎ፣ ፎንት ነው። ፊደሉ አለ፣ የሚስለው ጠፋ እንጂ። ኮፒ አድርገህ ሌላ ቦታ ብትለጥፈው ይነበባል። ጥያቄ ምልክት ከሆነ ግን ፊደሉ መንገድ ላይ ቀርቷል። እንደ 437 ያለ የድሮ ኮድ ፔጅ (የትኛው ቁጥር የትኛው ፊደል እንደሆነ የሚናገር ሰንጠረዥ) ፊደላችንን ስለማያውቅ በ«?» ተክቶታል። አሥር ፎንት ብትጭን አይመለስም። የላቲን ዝባዝንኬ ከተዘረገፈ ደግሞ ብዙ ጊዜ ባይቶቹ (ኮምፒውተሩ ፊደሉን ያስቀመጠባቸው ቁጥሮች) ደህና ናቸው፤ የተነበቡት በሌላ ኮድ ፔጅ ነው።

«ኮድ ፔጁን 65001 ካደረግኩ በቃኝ»

65001 ዊንዶውስ ለዩቲኤፍ-8 የሰጠው ቁጥር ነው፤ ዩቲኤፍ-8 ደግሞ ዩኒኮድን (ለዓለም ፊደላት ቁጥር የሚሰጠውን ደንብ) በባይት መጻፊያ ነው። ለማሳየት ብዙ ጊዜ ይበቃል። ለመቀበል ግን ቆየት ባሉት ዊንዶውሶች አይበቃም፤ ከኪቦርድ የገባው አማርኛ ዜሮ ባይት ሆኖ ሊደርስህ ይችላል። የፕሮግራም ቋንቋው ፓይተን ከ3.6 ጀምሮ ይህን ጣጣ ራሱ ይወጣዋል። ውጤቱን ወደ ፋይል ስታዞረው ግን ብዙ ጊዜ ወደ ድሮው ኮድ ፔጅ ተመልሶ ስህተት ይጥልልሃል።

«አንድ ፊደል አንድ ባይት»

እኔን ያቃጠለኝ ይሄ ነው። ሊኑክስ ላይ በሲ (C) ቋንቋ ትንሽ የስም መመዝገቢያ ጻፍኩ። ለስም 20 ባይት ሰጠሁ፤ አንዱ የጽሑፉን መጨረሻ ለምታሳየው መዝጊያ ዜሮ ነው። አበበ አለፈ፣ ጫልቱም አለፈች። «ገብረማርያም» ሲገባ «ገብረማርያ» ሆነና መጨረሻው ላይ አንድ የተሰበረ ምልክት ተለጠፈ። ከዚያ የአባት ስም ጠየቀና መልስ ሳይጠብቅ አለፈ። ነገሩ ምንድን ነው፣ በዩቲኤፍ-8 እያንዳንዱ የአማርኛ ፊደል 3 ባይት ይወስዳል። 7 ፊደል 21 ባይት ነው። 19ኙ ገቡ፤ የ«ም» ሁለት ባይቶች ውጭ ቀርተው የአባት ስም ሆኑ!

«አማርኛ እንደ አረብኛ አስቸጋሪ ነው»

አይደለም። ፊደላችን እርስ በርሱ ተያይዞ አይጻፍም፣ ከቀኝ አይጀምርም። ከ1999 እ.ኤ.አ. ጀምሮ «ሹ» በዩኒኮድ ራሷን የቻለች አንድ ቁጥር አላት።

«የቀረውን ዩኒኮድ ያስተካክለዋል»

«ፀሐይ» ብሎ የተመዘገበውን «ጸሀይ» ብለህ ብትፈልግ አታገኘውም። ለዩኒኮድ የተለያዩ ቃላት ናቸው፤ አንድ የሚያደርጋቸውን ሰንጠረዥ አንተው ጻፍ። ሁለት ነጥብም (፡) ለፓይተን ክፍት ቦታ አይደለም። «፩»ንማ አሃዝ ነው ወይ ስትለው አዎ ይልሃል፤ እንግዲያው ወደ ቁጥር ቀይርልኝ ስትለው ደግሞ እምቢ።